ከኪስ የወጣ ደብዳቤ

ፈታሿን ከዚህ በፊት የምታውቋት እንደምን ሰነበታችሁ። ለማታውቋት ደግሞ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የምትሠራ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላት፣ ከአራተኛ ክፍል የቀረች፣ ነገር የማትወድ ሴት ናት። ሥራዋ ኪስ መፈተሽ ነው። አትሳቁ፣ ሥራ ነው።

የሐኪሙም የነርሱም ነጭ ጋውን በጋሪ ተጭኖ ይመጣል። ማጠቢያ መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት እሷ እያንዳንዱ ኪስ ውስጥ እጇን ትከታለች። መቀስ ይወጣል፣ እስክሪብቶ ይወጣል፣ ግማሽ ብስኩት ይወጣል። አንዴማ ሰው ሠራሽ ጥርስ ወጥቶ ክፍሉ ሁሉ ለአንድ ሳምንት ያን እያነሳ ሲስቅ ሰነበተ። አንድ እስክሪብቶ ካመለጣት አርባ ጋውን ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ አምልጧት ግን አያውቅም። ያገኘችውን መዝገብ ላይ ትጽፋለች፦ ቀኑን፣ የዕቃውን ዓይነት፣ ከማን ጋውን እንደ ወጣ፣ ባለቤቱን። ከዚያ በካኪ ወረቀት ጠቅልላ፣ ታጥቦ በተተኮሰው ጋውን ላይ በመርፌ ቁልፍ ታያይዘውና ለባለቤቱ ይሄዳል።

አንድ ሕግም አለ። የተጻፈ ነገር አይነበብም። የመድኃኒት ማዘዣ ይሁን፣ ደብዳቤ ይሁን፣ እንደ ተጣጠፈ ይመለሳል። ሕጉን ያወጣው ኃላፊ ራሱ ረስቶታል። እሷ ግን አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ወረቀት ገልጣ አታውቅም።

ከፈላ ውኃውና ከበረኪናው ብዛት የጣቶቿ ጫፍ ደንዝዟል። መርፌ ቁልፍ ሲወጋት እንኳ የምታውቀው ደሙን ስታይ ነው። ይኼን ለማንም አልተናገረችም፤ የሚነገር ነገር ሆኖም አልታያት። ከጣቷ ይልቅ የደነዘዘው ሌላ ነገር ነበርና።

ያን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ቀለበት አስሮላት፣ ቀን ቆርጦ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ያላት ሰው ነበር። ለምን ብላ አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው እንዳይነግራት ፈራች። ያን ሰሞን የቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ አዘኑላትና የጸሎት ርዕስ ውስጥ አስገቧት። ተራ ቁጥር አራት፦ «ለእህታችን፣ ጌታ የራሷን ቤት እንዲሰጣት።»

ተራ ቁጥር ሦስት የሚያፈሰው ጣሪያ ነበር። ጣሪያው ተሠራ። ተራ ቁጥር አምስት የሰብሳቢዋ ጉልበት ነበር። ጉልበታቸው ዳነ። እሷ ግን ቁጥር አራት ላይ እንደ ተቸነከረች ቀረች። እሑድ እሑድ ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና «አሜን» ትላለች። ሰው ዞር ብሎ በሐዘኔታ ያያታል፤ እሷም ወለሉን ታያለች።

እየቆየ ደግሞ አንድ ነገር መጣ። ለብቻዋ ስትጸልይም «ጌታ ሆይ፣ እህታችንን አስባት» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከአንሶላው ክምር ጀርባ ተንበርክካ ስትጸልይ ተኳሿ ሰማቻት። ተኳሿ በዕድሜ የምትበልጣት፣ አፏ እንደ ካውያዋ የጋለ፣ ልቧ ግን ንጹሕ የሆነች ባልደረባዋ ናት።

«እህታችን ያልሻት ማናት? ታማ ነው?»

«እኔ ነኛ፣ እትዬ።»

«አንቺ? ታዲያ ‹እኔን አስበኝ› አትይም?»

«እኔን ማለት... እንጃ። ድፍረት ይመስለኛል።»

ተኳሿ ካውያውን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። «በይ ተነሽ! ጌታም ግራ ገብቶት ይሆናል እኮ፣ የትኛዋን እህት እንደ ሆነ ሳያውቅ።»

ፈታሿ ፈገግ አለች። ፈገግታው ፊቷ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ አልወረደም።

*

ራጅ አንሺው የሰብሳቢዋ አንድ ልጅ ነው። አርባ ሁለት ዓመቱ፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ያደረገበት፣ ሲያወራ ጫማውን የሚያይ ዓይነት ሰው። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት የአንሶላ መጭመቂያው ማሽን የፈታሿን እጅ ያዘውና ወደ እሱ ክፍል ሄደች። እጇን ራጅ አንስቶ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለላት።

«አጥንትሽ ደህና ነው። አልተሰበረም።»

እሷ ፊልሙ ላይ አፍጥጣ ቀረች። አምስቱ ጣት፣ መገጣጠሚያው፣ ሁሉም ነጭና ጥርት ያለ። «እንደ ሁሉ ሰው ነው እንዴ?» አለችው።

ሳቁን ለቀቀው። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ጋውኑን ጋሪ ላይ ወርውሮ ሲሄድ እሱ በእጁ ይዞ መምጣት ጀመረ። ከመጣም አይቀር አንሶላ ያጥፋል። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ አንዱ ሁለቱን ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው ሁለቱን፣ ወጥረው ያራግፉታል፣ ከዚያ ተራምደው ይገናኛሉ፣ ጫፉን ያቀባብላሉ፣ ይለያያሉ። አንድ ከሰዓት አርባ ሁለት አንሶላ አጠፉ። አርባ ሁለት ጊዜ ተቀራርበው አርባ ሁለት ጊዜ ተራራቁ። «አንተ በይኝ» አላት፤ እሷ ግን «እርስዎ» ከማለት ንቅንቅ አላለችም። እጁ እጇን ነክቶ ይሆናል። ጣቷ ምን ያውቃል!

ከአራት ሳምንት በፊት ከጋውኑ ግራ ኪስ ነጭ ፖስታ ወጣ። የታሸገ ነው፤ ላዩ ላይ ስም የለበትም። ፈታሿ ወዲያው ገባት፣ ወይም የገባት መሰላት፦ የፋርማሲስቷ ነው። ፋርማሲስቷ የተማረች፣ መዘምራን ውስጥ ከፊት የምትቆም፣ ሰብሳቢዋም «ይቺን ለልጄ» እያሉ ዓይን የጣሉባት መልከ መልካም ልጅ ናት። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? መዝገቡ ላይ «ፖስታ፣ አንድ፣ የታሸገ» ብላ ጻፈች። ካኪ ወረቀት ጠቀለለችበትና ጋውኑ ላይ አያያዘችው። ሄደ።

በሳምንቱ ከቀኝ ኪሱ ሌላ ፖስታ ወጣ። አሁን አሳሰባት። ወረቀት ቀዳ፣ ግማሽ ሰዓት ተጨንቃ፣ እንዲህ ስትል ጻፈችለት፦ «ወንድሜ፣ ፖስታዎን ሁለተኛ ጊዜ ኪስዎ ውስጥ ረስተውታል። ውኃ ቢነካው ባለቤቷ ታዝናለች። ከመላክዎ በፊት ይፈትሹ።» ያንንም ከፖስታው ጋር አያያዘችው። መልካም ሥራ የሠራች መስሏት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ራጅ አንሺው መምጣቱን ተወ። ጋውኑ እንደ ማንም ጋውን በጋሪ ተጨናንቆ መጣ። ኪሱ ባዶ ነው። እሷ ግን ባዶ መሆኑን ካወቀች በኋላም እጇን አታወጣም፤ የስፌቱን ጥግ ትዳብሳለች፣ የጨርቅ ብናኝ ታገኛለች፣ እሱንም መዝገብ ላይ መጻፍ ይቃጣታል።

«ተዛውሯል አሉ» አለች ተኳሿ አንድ ጠዋት፣ ሳታያት። «ሩቅ ነው። ቅዳሜ ይሄዳል።»

«ጥሩ ነው» አለች ፈታሿ። «ጌታ ይርዳው።»

«ሌላ የምትይው የለም?»

ፈታሿ አሰበች። ሆዷ ውስጥ ፈለገች፣ ልክ እንደ ኪስ። ምንም አልነበረም።

*

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው። ረፋዱ ላይ ሁለት ጋውን በክንዱ ላይ ጥሎ፣ የክሊራንስ ወረቀቱን ይዞ ገባ። የሚለቅ ሠራተኛ ሁሉ የያዘውን ዕቃ መመለሱን በየክፍሉ ማስፈረም አለበት። የሱ ሁሉም ቦታ ተሞልቷል። አንድ ብቻ ቀርታለች፦ ልብስ ማጠቢያ።

«እንደምን አደሩ» አለችው።

«እንደምን አደርሽ።» ጫማውን ያያል።

«ኪሱን መፈተሽ አለብኝ። ሕግ ነው።»

«ፈትሺ።»

የመጀመሪያው ጋውን ምንም የለበትም። የሁለተኛው ደረት ኪስ ውስጥ ነጭ ፖስታ አለ። አወጣችውና እንደ ልማዷ ዘረጋችለት።

«ይኸው። አሁንም ረሱት።»

አልተቀበላትም። «የእኔ አይደለም።»

«ከኪስዎ ነው የወጣው።»

«ከኪሴ ወጣ እንጂ የእኔ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስቱንም ጊዜ ኪሴ ውስጥ የከተትኩት ያንቺ እጅ ብቻ የሚገባበት ቦታ እሱ ስለ ሆነ ነው። ፊት ለፊት የምናገርበት አፍ የለኝም፤ ታውቂኛለሽ።» ፖስታውን በእጁ ወደ እሷ ገፋ። «አንቺ ግን መለስሽልኝ። ሁለተኛውን ጭራሽ ‹ባለቤቷ ታዝናለች› ብለሽ። በቃ ሌላ ሰው ፈልግ ማለትሽ ነው አልኩ።»

ተኳሿ የትራስ ጨርቅ ላይ ጎንበስ ብላ የማትሰማ መስላለች። ካውያው ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«የፋርማሲስቷ መስሎኝ ነው» አለች ፈታሿ።

«አንድ ጊዜ እንኳ ‹ለእኔ ይሆን?› አላልሽም?»

«አላልኩም።»

«ለቅጽበት?»

«ለምን እላለሁ?»

ለወቀሳ አልነበረም። ጋሪው የት አለ ብላ እንደምትጠይቅ ነበር የጠየቀችው፤ የምሯን፣ መልሱን ስለማታውቀው። እሱም ቀና ብሎ አያት። የዚያን ቀን ፊልሙን ሲያይ እንደ ነበረው ዓይነት አስተያየት ነበር፣ ሳቁ ብቻ የለበትም። እሷ የምትሸሽበት ወለል አጣች።

የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተ። «እትዬ፣ ካውያው!»

«ይቃጠል!» አለች ተኳሿ። «ሁለት ደብዳቤ ሳይነበብ ሲመለስ ዝም ያልኩ አንድ የትራስ ጨርቅ ሲቃጠል ይከፋኛል? እናንተ ቀጥሉ!»

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ሰብሳቢዋ ናቸው። ነጠላ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«ምን ትሠራለህ እስካሁን? መኪናው ቆሟል።» ከዚያ ፖስታውን አዩት፣ እሷንም አዩዋት። ፊታቸው ዝግ አለ። «ይኼን ነገር ጨርሰነዋል መስሎኝ።»

«አንቺ ጨርሰሽው ይሆናል፣ እማዬ።»

ሰብሳቢዋ ወደ ፈታሿ ዞሩ፤ ድምፃቸውን አለሰለሱት። «ልጄ፣ ባንቺ ላይ ክፉ የለኝም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስምሽን በጌታ ፊት ያቀረብኩ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«አንድ ልጄ ነው። ተምሯል። ትልቅ ቦታ ይጠብቀዋል። አንቺም እንደ ልጄ ነሽ፣ ግን...»

«ግን ምን?» አለች ተኳሿ ከካውያው ጀርባ። «ቤት ይስጣት ብለው ሲጸልዩ አልነበረም እንዴ? ይኸው ቤቱ በእግሩ መጣ!»

«የእኔን ቤት መቼ አልኩ!»

ቃሉ ካመለጣቸው በኋላ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ራጅ አንሺው አንገቱን ደፋ፤ ስለ እናቱ አፍሮ ነው።

ፈታሿ አልተቆጣችም። ቁጣ የት እንደሚቀመጥ ከረሳች ቆይታለች። ብቻ ነገሩ ጥርት ብሎ ታያት፣ እንደ ፊልሙ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ያዘነላት ያቺ ቁጥር አራት፣ ቤት የሌላት፣ ማንም ቤቱ ሊያስገባት የማይፈልጋት ሴት፣ ማን ናት? ፊቷን አይታት ታውቃለች? ጌታስ እጇን ሲሠራ አጥንቱን አንድ በአንድ ሲገጥም፣ የጎደለ ነገር ትቶ ነበር?

ጌታ ሆይ፣ አለች በልቧ። ከዚያ ቆመች። በልማዷ ‹እህታችን› ነበር ቀጥሎ የሚመጣው። ዋጠችው። ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ።

ሌላ የሚጨመር አላገኘችም። በቃ ይኼው ነበር ጸሎቱ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች ቀስ ብላ። «ነገ ሲያነቡ ቁጥር አራትን ይዝለሉልኝ።»

«ጸሎት ጠላሽ እንዴ ልጄ?»

«አልጠላሁም። ራሴ እጸልየዋለሁ፣ በስሜ። እስካሁን አሜን ስል የኖርኩት ለማላውቃት ሴት ነው።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እንደ አዲስ ሰው አዩዋት። የዳነውን ጉልበታቸውን እንደ ገና ይዘው ዞሩ። «መኪናው ውስጥ ነኝ» አሉ፣ ለማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ። ሲሄዱ እርምጃቸው የአሮጊት ነበር። ፈታሿ ሳትጠብቀው አዘነችላቸው።

*

ፖስታውን ቀደደችው። «ንባቤ ቀርፋፋ ነው» አለች።

«እጠብቃለሁ» አለ ራጅ አንሺው፣ የልብስ ቅርጫት ገልብጦ ተቀመጠበት።

በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች።

«ይኼ ሦስተኛዬ ነው። የፊተኞቹን መለስሽ፤ ይኼን ግን ሳታነቢ አትመልሽብኝ። የእጅሽን ራጅ ሳሳይሽ ‹እንደ ሁሉ ሰው ነው እንዴ?› አልሽኝ። ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ከሰው በታች ነሽ ብሎ ማን ነገራት እያልኩ ስብከነከን ከረምኩ። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ውስጥ አያለሁ። የተሰበረ፣ የተሰነጠቀ፣ የጎደለ ስፈልግ እውላለሁ። ያንቺን አይቻለሁ፤ የጎደለ አላገኘሁም። ሚስቴ ሁኚ። እምቢ ካልሽ ክሊራንሱ ላይ ፈርሚልኝ፣ ዝም ብዬ እሄዳለሁ። እሺ ካልሽ አትፈርሚ።»

«ሚስቴ» የምትለዋ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የተሳሳተች መስሏት ከመስመሩ መጀመሪያ ተመልሳ አነበበችው። ያው ነው። እንደ ገና ተመለሰች። ያው ነው።

ደስታ ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። እንባም አልመጣም። ተኳሿ ግን ለሁለቱም ታለቅስላቸዋለች፣ በተቃጠለው የትራስ ጨርቅ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ፈታሿ መዝገቡን ሳበች። ቀኑን ጻፈች። «ፖስታ፣ አንድ፣ የታሸገ» ብላ ጻፈች፤ «የታሸገ» የሚለውን ሰርዛ «የተከፈተ» አለች። ከማን ጋውን እንደ ወጣ ጻፈች። ባለቤት የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶው ትንሽ አመነታ። አስራ አንድ ዓመት በዚያ ቦታ የስንቱን ሰው ስም ጽፋለች፤ የራሷ ስም አንድም ቀን ወጥቶበት አያውቅም። ጻፈችው። ሙሉ ስሟን፣ ከነአባቷ። አጠገቡ ፈረመች።

ራጅ አንሺው ከቅርጫቱ ላይ ተነሳ። ጠረጴዛው ላይ የክሊራንሱ ወረቀት አለ፣ አንዲቱ ባዶ ቦታ አፏን ከፍታ።

ፈታሿ ወረቀቱን አነሳችው። አየችው። እስክሪብቶውን ከደነችና መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

«ዛሬ አልፈርምም» አለች። «ነገም እሑድ ነው። ጋውኑን መልሰህ ውሰደው፤ ሰኞ ትለብሰዋለህ።»

«አንተ» እንዳለችው ያወቀው እሱ ብቻ ነው። እሷ ሥራ ላይ ነበረች፤ ያልተጨረሰ ነገር በመርፌ ቁልፍ ይያያዛልና ክሊራንሱን ጋውኑ ደረት ላይ ታያይዝ ነበር። ጨርቁ ወፍራም ነው፤ ገፋ አደረገችው፣ መርፌው አፈትልኮ ጣቷ ውስጥ ገባ።

«ውይ!»

«ወጋሽ እንዴ?»

ጣቷን አየች። ደም የለም። ደሙ ገና አልወጣም። እሷ ግን ቀድማ አውቃው ነበር።

«አመመኝ» አለች። እጁ እጇን ሲይዝ ሙቀቱ ተሰማት፣ ሻካራነቱ ተሰማት፣ መንቀጥቀጡ ተሰማት፤ እጅ ደንዝዞ ቆይቶ ሲለቅ እንደሚያደርገው ሁሉም ባንዴ እየወጋ መጣ። ከስንት ዘመን በኋላ ዓይኗ ሞላ። «አመመኝ እኮ!» አለች፣ ማመን እንዳቃተው ሰው።